ካፊያ ለዶፍ ምኑ ነው?

በመግቢያ ፈተናዎች ከሚቀርቡ ጥያቄዎች መካከል የቃላት ዝምድናን፣ ማለትም አናሎጂን ያህል የምወደው የለም፤ ጥያቄው ጥንድ ቃላት ይሰጥና ተመሳሳይ ዝምድና ያለውን ጥንድ ከምርጫዎቹ አውጡ ይላል። ስዘጋጅ ግን መጀመሪያ ላይ ብዙ ነጥብ የጣልኩት በዚሁ ክፍል ነበር፤ ጥንዱን አንብቤ ወዲያው ወደ ምርጫዎቹ ስለምወርድ፣ ዝምድናውን የምወስነው እኔ ሳልሆን ምርጫዎቹ ነበሩ።

ከዚህ ያወጣኝ ልማድ፣ ምርጫዎቹን ሳላይ ሁለቱን ቃላት የሚያያይዝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው። "ካፊያ ለዶፍ" ቢባል "ካፊያ ቀላል ዝናብ፣ ዶፍ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ነው" እላለሁ። ከምርጫዎቹ አንዱ "ደመና ለዝናብ" ቢሆን፣ ስለ ዝናብ ስለሚናገር ብቻ ዓይን ይስባል፤ ዝምድናው ግን የምንጭና የውጤት እንጂ የኃይል መጠን አይደለም። "አውሎ ነፋስ ለሽውታ" ዝምድናውን ይዞ ቅደም ተከተሉን ስለገለበጠ ይወድቃል። መልሱ "ሽውታ ለአውሎ ነፋስ" ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ከላላ ከአንድ በላይ ምርጫ ያሳልፋል። "መጥረቢያ ለእንጨት" የሚለውን "መጥረቢያ በእንጨት ላይ የሚያገለግል መሣሪያ ነው" ብለን ብንፈታው፣ "መዶሻ ለሚስማር"ም "ማጭድ ለሣር"ም ትክክል ይመስላሉ፤ "እንጨት የሚቆረጥበት ስለት ነው" ስንል ግን ማጭዱ ብቻ ይቀራል። ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ማጥበቅ ላይ ነው፤ አያስቆጭም።

ከጥያቄው ቃላት አንዱን የማናውቀው ከሆነስ? ያኔ የምርጫዎቹን ጥንዶች እያንዳንዳቸውን እንመርምር። "ሀብታም ለደስታ" መልስ ሊሆን አይችልም፤ ሀብታም ሰው ደስተኛ ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል፣ በቃላቱ ፍቺ ውስጥ የግድ የሆነ ዝምድና የለም።

ይህ ዘዴ ግን ሁሉንም አያድንም። በአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ በኤስኤቲ ላይ የቀረበ አንድ የታወቀ ጥያቄ "ሯጭ ለማራቶን፣ ቀዛፊ ለሬጋታ" የሚል መልስ ነበረው፤ ሬጋታ የጀልባ ውድድር መሆኑን የሚያውቀው በአብዛኛው ከባለጸጋ ቤት የወጣ ተማሪ ነው የሚለው ትችት፣ በእኔ እምነት ፍትሐዊ ነው። ኤስኤቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የነበረው አናሎጂ በ2005 ወጣ፤ ከድኅረ ምረቃ መግቢያው ፈተና ከጂአርኢም በ2011 ተሰረዘ። እኔ እንዲወጣ የምመርጠው ግን ቃሉ እንግዳ የሆነውን ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ቃላቱን ሁሉም ተፈታኝ የሚያውቃቸው፣ ዝምድናቸው ብቻ ማሰብን የሚጠይቅ እንደ ካፊያና ዶፍ ያለው ጥያቄ መውጣቱ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።