ከጎንደር ገጠር እስከ ክኔሴት

ፕኒና ታማኖ ሻታ እ.ኤ.አ. በ2020 የእስራኤል ሚኒስትር ስትሆን ስልኬ በእሷ ፎቶ ተሞላ። ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚያ አገር ሚኒስትር የሆነ ከእሷ በፊት አልነበረም። ጎንደሬው ሁሉ «የኛ ልጅ» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ወገኖቿ ቤተ እስራኤሎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ እዚህ አብረውን ሲኖሩ «የኛ» ብለናቸው እናውቃለን?

ያደግኩት ጎንደር አጠገብ ካለችው የቤተ እስራኤሎች መንደር ከወለቃ ብዙም ሳልርቅ ነው። እናቴ ጀበናዋንም ምጣዷንም የምትገዛው ከዚያ ነበር። ገንዘቡን ሰጥታ፣ ዕቃውን በነጠላዋ ሸፍና፣ የሠሪዋን ዓይን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ቡዳ ናቸው ይባል ነበራ! በምጣዱ የተጋገረውን እንጀራ እንበላለን፤ ያበጀችውን ሴት ግን ቤታችን አናስገባም። ሸክላና ብረት ሥራ ላይ የቀሩትም ወደው አይደለም። ርስት ስለተነፈጉ ነው።

ፕኒና በሦስት ዓመቷ ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር በሱዳን በኩል ወጣች። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1984 መጨረሻ ላይ የጀመረው፣ ቤተ እስራኤሎችን ከሱዳን ወደ እስራኤል የወሰደው «ዘመቻ ሙሴ» ነበር። አድጋ ሕግ ተማረች፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆነች።

እዚያ አገር ሕዝቡ የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ፓርቲ ነው። ፓርቲው የስም ዝርዝር ያቀርባል፤ ባገኘው ድምፅ ልክ ከዝርዝሩ ላይ ከላይ ጀምሮ ወደ ክኔሴት፣ ወደ አገሩ ምክር ቤት፣ ይገባል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ዋናው ትግሉ ከምርጫው ቀን በፊት ነው። ስንተኛ ላይ ተጻፈ? ለኢትዮጵያ ተወላጆች በሩን የከፈተው አዲሱ መሳላ ነው፤ በ1996 በሌበር ፓርቲ ገባ። ፕኒና በ2013 በየሽ አቲድ ዝርዝር 14ኛ ነበረች። ፓርቲው 19 ወንበር አገኘና ገባች። በ2015 ወንበሩ ወደ 11 ሲወርድ ወጣች። በ2018 አንድ አባል ሲለቅ ተመለሰች።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የደሙ ነገር ነው። በ2013 መጨረሻ ደም ሰብሳቢዎች ክኔሴት ድረስ መጥተው ነበር። ፕኒና ልትለግስ ሄደች። ኢትዮጵያ ስለተወለደች ደሟን እንደ ሌላው ሰው መቀበል እንደማይችሉ ነገሯት። የምክር ቤት አባል ናት እኮ! በ1996 የቤተ እስራኤሎች ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ ታውቆ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጥተው ነበር። ከ17 ዓመት በኋላም ያው። እኛ እዚህ ዓይናቸውን ፈራን፣ እዚያ ደማቸውን ፈሩ። እሷ ግን ሚኒስትር ሆና በ2020 ጎንደር መጣች፤ በዲሴምበር መግቢያም ከ300 በላይ ሰዎች ይዞ ከገባው አውሮፕላን ጋር ተመለሰች።

አሁንም ወደ እስራኤል ለመሄድ እዚህ ጎንደር የሚጠብቁ አሉ። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ የቀን ሥራ እየሠሩ። በግቢያችን የተከራዩ አንዲት እናት የክኔሴትን ምርጫ ከእኛው ምርጫ አብልጠው ይከታተላሉ። «ከኛ ሰው ስንት ገባ?» ይሉኛል። ከዜና ላይ ፈልጌ እነግራቸዋለሁ። ልጃቸው እዚያ ወታደር ነው። እሳቸው እዚህ ኪራይ ይከፍላሉ። ፕኒና ይህን ጉዳይ አጥብቃ እንድትይዘው እመኛለሁ። የእሷም እናት እስራኤል የገቡት ከልጆቻቸው ዓመታት ዘግይተው ነው።