ፍሬድ እና ጂንጀር

ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር እ.ኤ.አ. የ1935ቱን «ቶፕ ሃት» የተባለ ፊልም እያየን፣ ሁለቱ ተዋናዮች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው የሚደንሱበት ጋ ስንደርስ ስልኳን አስቀመጠችና «ባልና ሚስት ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

አይደሉም። ፍሬድ አስቴርና ጂንጀር ሮጀርስ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። አሥር ፊልም አብረው ሠርተዋል።

የጂንጀርን ቀሚስ ግን እዩልኝ! የሰጎን ላባ ነው። ስትሽከረከር ላባው ይረግፋል፤ ልብ ብሎ ላየ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ይታያል። ፍሬድ በዚህ ላባ ክፉኛ ተማሮ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቀሚሱን አልቀይርም ብላ ጸናች። ፊቱ ላይ ግን የብስጭት ምልክት የለም። ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

ፍሬድ ዳንሱ ብዙ ሳይቆራረጥ፣ ከራስ እስከ እግር እንዲቀረጽ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ መናበባቸው የኤዲቲንግ ሥራ አይደለም። ወደ ኋላ ስትለመጥ እጁ ቀድሞ ይጠብቃታል። በዚህ ዳንስ ውስጥ አንድም መሳሳም የለም፤ ለእኔ ግን ካየኋቸው የፍቅር ትዕይንቶች ሁሉ ይበልጥብኛል።