ኤንድ፣ ባት፣ ሶ፣ ቢኮዝ፦ የእንግሊዝኛን መስተጻምር በጆሮ መማር

የእንግሊዝኛን መስተጻምር የተማርኩት በዝርዝር ነው። ብዙዎቻችን እንደዛው ነን። በአንድ በኩል ቃሉ፣ በሌላ በኩል ትርጉሙ፣ ከታች «ትክክለኛውን ምረጥ»። ለፈተና ይበቃል። ሰው ሲያወራ መሃል ለመግባት ወይም ኢሜይል ለመጻፍ ሲሆን ግን ዝርዝሩ ብዙም አያግዝም። የትኛው ሐሳብ ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል፣ ድምፅ የት ላይ እንደሚወርድ፣ ኮማው የት እንደሚያርፍ አይነግረንም።

እኔን ያገዘኝ ዘዴ አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። ሰዎች ሳይዘጋጁ የሚያወሩበትን የድምፅ ቅጂ እመርጣለሁ፤ ቃለ መጠይቅ ወይም ፖድካስት። አንድ ደቂቃ ያህሉን ቆርጬ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። «አም» እና «ዩ ኖው» እንኳ አይቀሩም። ከዛ ሐሳብና ሐሳብ የተጋጠሙባቸውን ቃላት በቀለም አሰምርባቸዋለሁ። ስለ ተመሳሳይ ጉዳይ የተጻፈ አንድ አንቀጽም ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ እሱንም እንደዛው አሰምራለሁ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የንግግሩ ገጽ ነው። በቀለም ተጥለቅልቋል፤ ቃላቱ ግን እፍኝ አይሞሉም። «ኤንድ»፣ «ባት»፣ «ሶ»፣ «ቢኮዝ»፣ «ኢፍ»፣ «ዌን»። እነሱው ይመላለሳሉ። በትምህርት ቤት የሚሸመደዱ ሰባት መስተጻምሮች አሉ፦ «ፎር»፣ «ኤንድ»፣ «ኖር»፣ «ባት»፣ «ኦር»፣ «የት» (yet)፣ «ሶ»። እነሱን ለማስታወስ ከመጀመሪያ ፊደሎቻቸው የተሠራች «ፋንቦይስ» የምትባል ዘዴ አለች። ከሰባቱ ውስጥ «ፎር»፣ «ኖር» እና «የት» በተራ ወሬ ላይ እምብዛም አይሰሙም። በተለይ «ፎር»ን «ምክንያቱም» በሚል ትርጉም ቡና እየጠጣ የሚናገር ሰው ብታገኙ መጽሐፍ እያነበበ መሆን አለበት። እኔ እነዚህን ሦስቱን ሳነብ የማውቃቸው አድርጌ ትቻቸዋለሁ።

«ኤንድ» ብቻውን የሚሸከመው ሥራ ይገርማል። «ከዛ» ይሆናል፣ «በዚህም ምክንያት» ይሆናል፣ አንዳንዴም «ግን» ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል። ማስፈራሪያም ይሆናል። «ተች ኢት ኤንድ ዩ ዊል ሲ» ሲባል የኛው «ንካውና ታያለህ» ነው። የኛ «ና» እዚህ ላይ «ኤንድ»ን ቁልጭ አድርጋ ትተካለች፤ ሁለቱም «ኢፍ» ሳይሉ «ኢፍ» ይላሉ። ድምፁ ነው ትርጉሙን የሚመራው።

ለአማርኛ ተናጋሪ «ኤንድ» የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው። «ገብቶ፣ በልቶ፣ ተኛ» ስንል መስተጻምር የሚባል ነገር የለም። ግሡ ራሱ ተለጥጦ ይያያዛል። ይህን ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ሂ ኬም ሆም ኤንድ ሂ ኤት ኤንድ ሂ ዌንት ቱ ቤድ» ይሆናል። ሰዋስዉ አልተበላሸም፤ ግን የሕፃን ተረት ይመስላል። ያሰመርኩባቸው አንቀጾች ላይ ደጋግሜ ያየሁት አካሄድ ሌላ ነው፦ «ሂ ኬም ሆም፣ ኤት፣ ኤንድ ዌንት ቱ ቤድ»። ባለቤቱ አንዴ፣ «ኤንድ» አንዴ፣ እሷም መጨረሻው ላይ። የኛ «ገብቶ፣ በልቶ» ባለቤቱን እንደማይደግም ሁሉ እዛም መድገም አያስፈልግም። ይህችን ካወቅሁ ወዲህ «ሂ» በሦስት ቦታ ሳይ እጄ ራሱ ሁለቱን ይሰርዛል።

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ግን ለ«ቢኮዝ» ነው። አማርኛ ምክንያቱን ያስቀድማል። «ባትሪዬ ስላለቀ አልደወልኩም» እንላለን። ወደ ኋላ ማምጣት ከፈለግን «ምክንያቱም» ብለን እንደ አዲስ መጀመር አለብን። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ በንግግር ላይ ግን «ቢኮዝ» አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ወሬው፣ ቀጥሎ ምክንያቱ። «አይ ዲድንት ኮል ቢኮዝ ማይ ፎን ዳይድ።» ምክንያቱ ሲቀድም ሌላ ስሜት ይፈጥራል። አድማጩ የሚያውቀውን ነገር እንደ መንደርደሪያ እያስቀመጥን ነው፤ ወይም ጽሑፍ ላይ ቀጥሎ ለሚመጣው መድረክ እያዘጋጀን ነው። በየዓረፍተ ነገሩ ምክንያት የሚያስቀድም ሰው ሁሌም ሰበብ እየደረደረ ያለ ይመስላል። «ኢፍ» ደግሞ በተቃራኒው መቅደም ይወዳል። እሱ ላይ የአማርኛው ልማዳችን ይጠቅመናል።

የ«ቢኮዝ» ነገር በዚህ አያበቃም። «ሂ ኢዝ ሆም፣ ቢኮዝ ዘ ላይት ኢዝ ኦን» የሚለውን ተመልከቱ። ሰውዬው ቤት የገባው መብራት ስለበራ ነው? አይደለም። መብራቱ የተናጋሪው ማስረጃ ነው፤ «ቤት አለ ያልኩት መብራቱን አይቼ ነው» ማለቱ ነው። በንግግር ከ«ቢኮዝ» በፊት ትንሽ ዕረፍት አለች፤ በጽሑፍ ያቺን ዕረፍት ኮማ ይይዛታል። መንስኤ የሚናገረው «ቢኮዝ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አይፈልግም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ኖት» ሲጨመርበት ነው። «አይ ዲድንት ቴክ ዘ ጆብ ቢኮዝ ዘ ፔይ ዋዝ ጉድ።» ሥራውን ወስዷል ወይስ አልወሰደም? ወስዷል፤ ግን ለደመወዙ ብሎ አይደለም። አሁን «ጉድ» የሚለውን በ«ባድ» ቀይሩት። ሥራውን አልወሰደም፤ ደመወዙ ስላነሰ። አንዲት ቅጽል ተቀይራ ሰውዬው ከሥራ ወጣ! ሲነገር ድምፁ ይለየዋል። ሲጻፍ አንባቢው ራሱ ይፍታው ማለት ነው። ስለዚህ ከአሉታ ግሥ በኋላ «ቢኮዝ» ሲመጣ እኔ ቆም እላለሁ። ወይ ኮማ አስገባለሁ፣ ወይ ምክንያቱን አስቀድማለሁ፣ ወይ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ለማንም የምመክረው ሦስተኛውን ነው።

«ኦልዞው» ላይ ብዙ አልቆይም። «ቢደክመኝም ግን መጣሁ» ማለት ለኛ ምንም አይደለም፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «ባት» አይገባም። አንዱ ይበቃል። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንደዚሁ አብረው አንድ ዓረፍተ ነገር አይገጥሙም። እኔን ይልቅ ያስደሰተኝ «ዞው» ነው። በንግግር መጨረሻ ላይ ይንጠለጠላል፦ «ኢትስ ጉድ፣ ዞው።» ይህንን ማንም ሊያስተምረን አይገባም፤ «ጥሩ ነው ግን» ብለን ስንናገር ነው የኖርነው። ብዙ ተማሪ ግን በክፍል ውስጥ ስላልሰማው አይደፍረውም። ድፈሩት። በንግግር «ኦልዞው» ብሎ ከመጀመር በጣም የቀለለ ነው።

«ሶ»ም እንዲሁ ጭራዋን ጥላ ትሄዳለች። «አይ ሃቭ ኤ ሚቲንግ፣ ሶ…» ይባልና ዝም። ቀሪውን አድማጩ ይሞላዋል፤ «ልሂድ» ማለት ነው። ስልክ ላይ ይህን ሰምተው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አይመጣም። ተሰናብቷችኋል።

ወደ ጽሑፉ ገጽ ስመለስ ቀለሙ ሳስቶ ነው የማገኘው። እዛ የሚጠብቀን ወጥመድ «ሃውኤቨር» ነው። ትርጉሙ «ባት»ን ይመስላል፤ መስተጻምር ግን አይደለም። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማና በ«ሃውኤቨር» ማጋጠም በተስተካከለ ጽሑፍ እንደ ስሕተት ይቆጠራል። በፊቱ ነጥብ ወይም ሰሚኮሎን፣ በኋላው ኮማ። ካልመሰላችሁ «ባት» ጻፉና ተገላገሉ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው የማደርገው።

«በኤንድ እና በባት ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» የሚለውን ሕግ ደግሞ የሚያከብሩት ከጸሐፊዎቹ ይልቅ አስተማሪዎች ናቸው። በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግለጡ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ 31 ቁጥሮች አሉ፤ 29ኙ በ«ኤንድ» ነው የሚጀምሩት። የቀሩት ቁጥር 1 እና ቁጥር 27 ብቻ ናቸው። ተርጓሚዎቹ የዕብራይስጡን አካሄድ ተከትለው ነው። የኛውም «ብርሃንም ሆነ» ሲል «ም» ያንኑ ሥራ እየሠራች ነው።

ይህን ሁሉ ሳሰምር አንድ ነገር ቆይቶ ገባኝ። ንግግር ቀላል፣ ጽሑፍ ከባድ የሚለው ግምት ልክ አይደለም። የቋንቋ ምሁሩ ማይክል ሃሊዴይ በ1980ዎቹ አስረድቶታል፦ ንግግር የሚወሳሰበው በሐሳቦች መያያዝ ነው፤ ጽሑፍ የሚወሳሰበው በስሞች መጠቅጠቅ ነው። ልዩነቱን ለማየት አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ በቂ ነው። «ዘይ ክሎዝድ ዘ ሮድ፣ ሶ ኤቭሪዋን ዋዝ ሌት» የሚለው ሲጻፍ «ዘ ሮድ ክሎዠር ዲሌይድ ኤቭሪዋን» ይሆናል። «ሶ» የት ሄደች? «ዲሌይድ» ውስጥ ገብታለች። መዝጋት የሚለው ግሥ ስም ሆነ፣ መስተጻምሩ ግሥ ሆነ፣ መንገዱን የዘጉት ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ጠፉ።

አሁን ልምምዴ ይኸው ነው። አንድ ገጠመኝ በድምፅ እቀዳለሁ፣ ከዛ ለማላውቀው ሰው እንደሚላክ ኢሜይል አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ከዛ ኢሜይሉን መልሼ ለጓደኛ እንደማወራው እናገረዋለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ «ሶ» ከተደበቀችበት ተመልሳ ትወጣለች፤ መንገዱን የዘጉትም ሰዎች አብረዋት። ለሪፖርት ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ተቀባዩ ቆሞ በስልኩ የሚያነበው መልእክት ከሆነ ግን ሦስተኛውን ነው የምልከው፤ ኮማዎቹን ብቻ አስተካክዬ።