50 ሜትር ኩብ ታንክ ስንት ቶን ፕሮፔን ይይዛል?

ሞጆ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የደኅንነት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ለምድጃዎቹ የሚያስፈልገው ፕሮፔን (በግፊት ታምቆ በፈሳሽነት የሚቀመጥ ተቀጣጣይ ጋዝ) 50 ሜትር ኩብ በሚይዝ አግዳሚ ታንክ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አንድ ማለዳ 20 ቶን የጫነ ቦቴ ሲደርስ በታንኩ ውስጥ 5 ቶን ያህል ቀርቶ ስለነበር፣ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ሒሳቡን በወረቀት ሠርተው ጠበቁን፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን 507 ግራም ይመዝናል፣ 50 ሺህ ሊትር ደግሞ ከ25 ቶን በላይ ይይዛል፣ ስለዚህ ጭነቱ በሙሉ ይራገፍ የሚል ነበር።

ማባዛቱ እንከን የለውም። ነገር ግን 507 ግራም የሚለው ቁጥር የሚሠራው ፈሳሹ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ በ20 ዲግሪ የሊትሩ ክብደት ወደ 500፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ ወደ 449 ግራም ይወርዳል። ያው 25 ቶን በማለዳው ቅዝቃዜ 49.3 ሜትር ኩብ ይዞ በሰላም የገባ ይመስላል፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ ግን ታንኩን ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ የሚታመቅ እንፋሎት ስለማይኖር ግፊቱ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ በበርካታ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያሻቅባል። በታንኩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አቅም ታንኩ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው የውሃ መጠን እንጂ የሚሞላበት የጋዝ መጠን አለመሆኑንም ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

የእኛ የመሙያ ጣሪያ 85 በመቶ፣ ማለትም 42.5 ሜትር ኩብ ነበር። ይህ በ15 ዲግሪ 21.5 ቶን ሲሆን፣ እስከ 50 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ 48 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚሆን ለእንፋሎት ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ልንቀበል የምንችለው 16.5 ቶን ብቻ ነበር።

«ታዲያ ማስተንፈሻ ቫልቩ ለምን ተገጠመ?» አሉ ኃላፊው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው ይህ ቫልቭ የመጨረሻ መከላከያ እንጂ የመሙያ መለኪያ አይደለም፤ ከሞላ ታንክ የሚወጣው ፈሳሽ ነው፣ እሱም ወደ 270 እጥፍ ተስፋፍቶ ከአየር የከበደ ጋዝ ስለሚሆን መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ምድጃዎቹ ያመራል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1978 ስፔን ውስጥ ሎስ አልፋኬስ በተባለ የመዝናኛ ሰፈር አጠገብ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የፕሮፒሊን (እንደ ፕሮፔን ያለ ተቀጣጣይ ጋዝ) ቦቴ፣ ከተፈቀደለት 19 ቶን ገደማ ይልቅ ከ23 ቶን በላይ ጭኖ እንደነበር፣ ማስተንፈሻ ቫልቭም እንዳልነበረው ነገርኳቸው።

አንጋፋውን ኦፕሬተር «ጋሼ፣ 85 ላይ ያቁሙልኝ» ስላቸው «አንተ ወረቀትህን ጨርስ፣ እሷ ራሷ ትነግረኛለች» ብለው፣ ቱቦዋ እስከ 85 በመቶው ወለል ድረስ የምትወርደውን ትንሽ ቫልቭ በጥቂቱ ከፈቱ። ለረጅም ጊዜ የማይታይ ጋዝ ሲያፏጭ ቆየ። ድንገት ነጭ ጉም ሲተፋና አፉ ላይ በረዶ ሲጋገር ፓምፑን አስቆሙ፤ በዚያች ቅጽበት በፈሳሹ ላይ በሚንሳፈፍ ኳስ ከፍታውን የሚለካው የተንሳፋፊው ጌጅ መርፌ የሚያሳየው ገና 82 ነበር፣ እኔም በጌጅ ብቻ ማስሞላትን ፈጽሞ የማልወደው ለዚህ ነው።

ቦቴው የተረፈውን ጋዝ ይዞ ተመለሰ። የትራንስፖርቱ ወጪ ቀላል አልነበረምና፣ ከማዘዣው በፊት የታንኩ ቀሪ ቦታ በ85 በመቶ ጣሪያ ተሰልቶ በቅጹ ላይ እንዲሞላ የጠየቁት ራሳቸው የግዥ ኃላፊው ነበሩ።