ሰፊውን የፍላጻ ስለት ትቼ ጠባቡን የመረጥኩበት ምክንያት

በቨርጂኒያ ግዛት በፌርፋክስ ካውንቲ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ለብዙ ዓመታት አጋዘንን የማውቀው ሌሊት በመኪናዬ መብራት ፊት ድንገት የሚገተር፣ በጓሮዬ የተከልኩትን ጎመን እስከ ግንዱ የሚግጥ እንስሳ አድርጌ ብቻ ነበር። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘውን ትልቁን የዱር እንስሳ መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህ ያለው ግን ጭራው ከሥሩ ነጭ የሆነ፣ ወንዱም ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ አዲስ የሚያበቅል ፍጹም ሌላ ዘር ነው። ሆኖም የማውቃቸው አበሾች ሁሉ አጋዘን ስለሚሉት እኔም በዚሁ ስም እቀጥላለሁ። ቤት በተጠጋጋበት በዚህ ካውንቲ የአጋዘን መብዛት አስቸጋሪ ስለሆነ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በፓርኮች ውስጥ በቀስት እንዲያድኑ የሚደረግበት አሠራር አለ፤ እኔም ቀስት ያነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥይት ከፍጥነቱ በሚመነጨው ኃይል ዙሪያውን ያለውን ሥጋና አጥንት ያፈርሳል፤ ፍላጻ ግን የሚገድለው በመቁረጥ ነው። አጋዘኑ የሚወድቀው ሳንባው ወይም ልቡ ተቆርጦ ደሙ በፍጥነት ሲፈስ ስለሆነ ከቀስቱም ከፍላጻው ዘንግም ይልቅ ሥራውን የሚፈጽመው ጫፉ ላይ የሚጠመዘዘው፣ አዳኞች ብሮድሄድ የሚሉት ስለት ነው። ይህን በቃል ደረጃ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን አንዲት እንስሳ ካቆሰልኩ በኋላ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ ለትላልቅ እንስሳት የሚውለው ስለት ስፋቱ ቢያንስ 7/8 ኢንች፣ ማለትም 22 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን ያዛል። ከዚያ በላይ ያለው ምርጫ የአዳኙ ነው፤ በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ያለው የስለት ዓይነትም ሰውን ግራ የሚያጋባ ነው። ባጭሩ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ምላጩ ምንጊዜም እንደተዘረጋ የሚቆይ ቋሚ ስለት ሲሆን፣ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኢንች እስከ 1 ከ1/8 ኢንች ነው። ሁለተኛው በአየር ላይ ሲበር ምላጩ ታጥፎ ቆይቶ እንስሳውን ሲመታ የሚከፈተው ተከፋች ስለት ሲሆን፣ ሲከፈት 2 ኢንችና ከዚያም በላይ የሚሆን አለ። ሻጩ ሁለተኛውን አንሥቶ ምላጭ እንደሌለው የልምምድ ጫፍ ቀጥ ብሎ እንደሚበር፣ ቀዳዳውም እጥፍ እንደሚሰፋ ነገረኝ። ሁለቱም እውነት ነበር። እኔም ሰፊ ቁስል ማለት አጭር ሞት ማለት ነው ብዬ ባለ 2 ኢንቹን፣ ሦስቱን በ45 ዶላር ገዝቼ ወጣሁ። የቀስቴን ጉልበት ሻጩም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልነገርኩትም።

ጉልበቱ ግን ዋናው ጉዳይ ነበር። የቆየ የትከሻ ሕመም ስላለብኝ ቀስቴን የምስበው በ45 ፓውንድ ነው፤ ክንዴም አጭር ስለሆነ እስከ 27 ኢንች ብቻ እስባለሁ። በልምምድ ሜዳው ላይ የምንገናኝ ጎልማሶች 60 እና 70 ፓውንድ ሲስቡ እያየሁ እንኳ ለእነርሱ የሚስማማው ስለት ለእኔ ላይስማማ እንደሚችል አልታየኝም።

በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ከዛፍ ማማዬ ላይ ሆኜ አንዲት ሴት አጋዘን በ23 ያርድ፣ በ21 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ለቀቅኩ። ፍላጻዬ በሰከንድ 215 ጫማ ያህል ስለሚጓዝ እርሷ ጋር ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ ይፈጅበታል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን ከፍላጻው በአምስት እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ቀድሞ ደርሷት ነበር። ድምፁ ከደረሳት በኋላ ፍላጻው እስኪደርስ ባለችው ሩብ ሰከንድ ልትፈናጠር ጎንበስ ብላ ዞረች፤ ፍላጻውም ሳንባው ላይ በማረፍ ፈንታ ወርቿ ላይ አረፈ። እንጨት የተመታ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ፍላጻው ከግማሹ በላይ ከሰውነቷ ውጭ ቀርቶ እያወዛወዘችው ስትሮጥ አየሁ።

ቀጥሎ የሠራሁት ስሕተት ከመጀመሪያው አይተናነስም። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳልታገሥ ከማማው ወርጄ ተከተልኳት። ደሙ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ እርምጃዎች ውስጥ አልፎ አልፎ ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ታየኝ፤ ከዚያ ጠፋ። የተሰበረውን ዘንግ አገኘሁት፤ ደም የነካው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። እስከ እኩለ ሌሊት በባትሪ፣ በማግስቱም ከንጋት እስከ ቀትር ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። ያን ሳምንት ማማው ላይ አልወጣሁም።

ነገሩን የነገርኩት ከእኔ ከብዙ ዓመት በፊት ማደን ለጀመሩ አንድ አዛውንት ነው። ካዳመጡኝ በኋላ፣ «አንተ የጠየቅኸው ሻጩን ነው፤ ቀስትህን ጠይቀኸዋል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቀስት እንዴት ይጠየቃል?» ብላቸው እርሳስና ወረቀት አመጡ። የፍላጻው ክብደት ግሬን በሚባለው ትንሽ የክብደት መለኪያ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ በጫማ ተለክቶ፣ ክብደቱ በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ለ450,240 ሲካፈል የፍላጻው ጉልበት በጫማ ፓውንድ ይገኛል። የእኔ ፍላጻ ከነጫፉ 400 ግሬን፣ 26 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስናሰላው 41 ጫማ ፓውንድ ያህል ወጣ። ይህ ለአጋዘን የማያንስ ጉልበት ነው፤ ነገር ግን ተከፋች ስለት ከዚህ ላይ ምላጩን ለመክፈት የተወሰነውን ይወስዳል፤ የተከፈተው ሰፊ ምላጭም ቆዳውን፣ ሥጋውንና የጎድን አጥንቱን እየሰነጠቀ ለማለፍ ከጠባቡ የበለጠ ይፈልጋል። 70 ፓውንድ የሚስብ ሰው ይህን ወጪ ሳያውቀው ይከፍላል፤ እኔ ግን የምከፍለው ከመቀነቴ ፈትቼ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወርች ላይ ያረፈን ፍላጻ ጠባቡም ስለት ላያሻግረው ይችል ነበር፤ የመጀመሪያው ጥፋት የአተኳኮሴ እንጂ የብረቱ አይደለም። ሆኖም የደሙ ዱካ ለምን ቶሎ እንደጠፋ ሳስበው ወደ ስለቱ እመለሳለሁ። ከማማ ላይ የተወረወረ ፍላጻ የሚገባው ከላይ፣ የሚወጣው ከታች ነው። መውጫ ቀዳዳ ከሌለ ደሙ ደረት ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ መሬት ላይ አይፈስም። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው «የቱ ሰፊ ቀዳዳ ይከፍታል?» ከሚለው ወደ «የቱ በሌላው ጎን ይወጣል?» ወደሚለው ተለወጠ።

የስፋቱን ነገር በቁጥር ሳየው ደግሞ ልዩነቱ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ትልቅ አልነበረም። ባለ ሁለት ምላጩ፣ 2 ኢንች ስፋት ያለው ተከፋች ስለት በጠቅላላው የሚቆርጠው 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። 1 ከ1/8 ኢንች ስፋት ያለው ቋሚ ስለት ሦስት ምላጭ ካለው ግን እያንዳንዱ ምላጭ ከመሐል ወደ ውጭ ከግማሽ ኢንች በላይ ስለሚቆርጥ፣ ሦስቱ ሲደመሩ 1.7 ኢንች ገደማ ወይም 4.3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ለዚህች ትንሽ ልዩነት ብዬ ጥልቀትን መሸጤ ዛሬም ይገርመኛል።

ስለዚህ ቋሚ፣ ባለ ሦስት ምላጭ፣ 100 ግሬን የሚመዝን ስለት ገዛሁ። መጀመሪያ ቀን ያለ መፍቻው በእጄ ስጠመዝዘው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ፤ በማሸጊያው ውስጥ የሚመጣው ትንሽ ፕላስቲክ መፍቻ ለጌጥ አለመሆኑን የተማርኩት በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅሙና ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነበር። በ20 ያርድ ላይ የልምምድ ጫፍ ያላቸው ፍላጻዎቼ መሐል ሲያርፉ፣ ስለት የያዙት አራት ጣት ያህል ወደ ግራ እየሄዱ አስቸገሩኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ «ቋሚ ስለት ቀጥ ብሎ አይበርም» ይላል። ምክንያቱ ግን ከስለቱ ይልቅ ቀስቱ ውስጥ ነው። ፍላጻው ከአውታሩ ሲለቀቅ ትንሽ ጠመም ብሎ ከወጣ፣ የልምምድ ጫፍ ለነፋስ የሚሰጠው ገላ ስለሌለው የኋላው ላባ ያቃናዋል፤ ቋሚ ስለት ግን ከፊት እንደ ክንፍ ሆኖ ጠመሙን እየያዘ ይመራዋል። የተከፋቹ ስለት ምቾት ይህን የቀስት ጉድለት መደበቁ ነው፤ ጠሞ የሚበር ፍላጻ ደግሞ ሲመታም ጠሞ ስለሚገባ ጉልበቱ ወደ ጎን ይባክናል።

ያስተካከልኩት ቀስቱ ላይ ፍላጻው የሚቀመጥበትን ማረፊያ በማንቀሳቀስ ነው። ስለቱ ከልምምዱ ጫፍ በስተግራ ካረፈ ማረፊያው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ ሚሊሜትር በታች ብቻ። አንዴ አንቀሳቅሼ፣ ሁለቱንም ዓይነት ሦስት ሦስት ጊዜ ወርውሬ፣ ጽፌ፣ እንደገና አንቀሳቅሼ በአራት ቅዳሜዎች ሁለቱ በአንድ ቡና ስኒ ስፋት ውስጥ መገናኘት ጀመሩ። በዚህ መሐል አንድ ፍላጻ ብቻ ምንም ባደርግ ከሌሎቹ እየወጣ አስቸገረኝ። ጫፉን ጥፍሬ ላይ አቁሜ ሳሽከረክረው ስለቱ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፤ የዘንጉ አፍ ቀጥ ብሎ ስላልተቆረጠ ስለቱ ዘሞ ተቀምጦ ነበር። አሁን ማንኛውንም ፍላጻ ወደ ጫካ ከመውሰዴ በፊት እንደዚህ አሽከረክረዋለሁ።

ከባድ ስለት የበለጠ ይሰርጋል ሲባል ሰምቼ 125 ግሬን የሆነውንም ሞክሬያለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከፊት ክብደት ሲጨመር ዘንጉ በሚለቀቅበት ጊዜ ይበልጥ ይተጣጠፋል። የእኔ ዘንግ ጥንካሬው 500 የሚባለው ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይጠነክራል)፤ እርሱም ለ100 ግሬን የተስማማውን ያህል ለ125 አልተስማማም፤ ያቃናሁት ሁሉ ተመልሶ ተበተነ። ዘንጎቹን በሙሉ በጠንካራ ለመለወጥ ካልሆነ በቀር የሚያዋጣ ሆኖ ስላላገኘሁት ወደ 100 ተመለስኩ።

ስለ ስል ነገርም አንድ ልበል። ከማሸጊያው የወጣ ሁሉ ስል ነው ብዬ አምን ነበር። አዛውንቱ የተወጠረ የላስቲክ ቀለበት በምላጩ ነካ አድርገው አሳዩኝ፤ ስል ከሆነ ሳይጫኑት ይበጥሰዋል፤ ካልሆነ ላስቲኩ ይገፋል እንጂ አይበጠስም። ከሦስቱ አዲስ ስለቶቼ የአንዱ ምላጭ ላስቲኩን ገፋው። የደም ሥርም እንዲሁ ከዶለዶመ ብረት ፊት ሊሸሽ ይችላል። በፎም ኢላማ ላይ አንዴ እንኳ የተወረወረ ስለት ምላጩ ሳይለወጥ ወይም ሳይሳል ወደ አደን መሄድ የለበትም፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ለልምምድ ብቻ መደብኩት።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ወጣት ወንድ በ17 ያርድ ላይ መጣ። ጎኑን ሰጥቶ ቢቆምም ራሱን ቀና አድርጎ ያዳምጥ ስለነበር አልወረወርኩም፤ አጎንብሶ የወደቀ የባሉጥ ፍሬ መልቀም ሲጀምርና የፊት እግሩን አንድ እርምጃ ሲያራምድ፣ ከወርቹ ኋላ ያለው ቦታ ተገለጠልኝና ለቀቅኩ። ፍላጻው አልፎት መሬት ላይ ተተከለ። ሰዓቴን አይቼ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ማማው ላይ ተቀመጥኩ። ስወርድ ዘንጉ ላይ ያለው ደም ደማቅ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላና አረፋ የቋጠረ ነበር፤ የሳንባ ደም ነው። ጥቁር ቀይ ቢሆን ጉበት ነውና ብዙ ሰዓት መጠበቅ፣ አረንጓዴና የሚሸት ቢሆን ደግሞ ጨጓራ ነውና ከዚያም የበለጠ መታገሥ ይኖርብኝ ነበር። ዱካው በሁለቱም ጎን እየተረጨ ሰባ እርምጃ ያህል ወስዶኝ ከወደቀ ግንድ አጠገብ አገኘሁት።

ቤት ወስጄ ብልቱን ሳወጣ ፍላጻው በገባበት በኩል አንድ የጎድን አጥንት በንጽሕና ተቆርጦ አየሁ፤ በወጣበት በኩልም ሦስቱ ምላጮች የከፈቱት ቀዳዳ ቅርጹን እንደያዘ ነበር። ሥጋው ስብ የሌለው ስለሆነ ግማሹን ለቋንጣ አደረግኩት፤ ከቀረው ላይ ለጋሼ አንድ ወርች ይዤላቸው ሄድኩ። ስለቱን አጥቤ ስመረምረው አንዱ ምላጭ ጫፉ ላይ በጥቂቱ ተሸርፏል። ከአዲሶቹ ጋር እንዳይቀላቀል በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌበት ወደ ልምምዱ ሳጥን ጨመርኩት።