ዳክዬው ሊወድቅ ሲል

እንጀራዬ የመጽሐፍ ሽፋን መሥራት ነው። ማታ ልጄ ከተኛች በኋላም የማየው ሽፋን ነው። ሌላው ሰው ቲክቶክ ያያል፣ እኔ የድሮ የአሜሪካ የካርቱን መጽሔቶችን ሽፋን አያለሁ። ዳክዬ፣ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ቀበሮ፣ ቁራ። ሰብሳቢዎች ስካን አድርገው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋቸዋል፣ አንዱን ከፍቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠራኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው። ደግሞ ዳክዬው ዶናልድ ዳክ ይህን ሁሉ ዘመን ሸሚዝና ቆብ አሳምሮ ሱሪ ሳይለብስ መኖሩ ይገርመኛል።)

«ዋልት ዲዝኒስ ኮሚክስ ኤንድ ስቶሪስ» የሚባለው መጽሔት የወጣው በጥቅምት 1940 ነው። አሳታሚው ዴል፣ ዋጋው 10 ሳንቲም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወር ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። ጋዜጣ መሸጫው ጋ፣ መድኃኒት ቤቱ ጥግ፣ ግሮሰሪው በር ላይ ብዙ መጽሔት ተደርድሯል፤ ልጁ ግን ያለው አንዲት 10 ሳንቲም ናት። ስለዚህ ሽፋኑ የመጽሔቱ ወያላ ነው። መጥራት አለበት፣ ያውም አፉን ሳይከፍት።

አፉን ሳይከፍት ያልኩት የምሬን ነው። በአብዛኞቹ የዴል ሽፋኖች ላይ ከላይ የመጽሔቱ ስም፣ ጥግ ላይ ዋጋውና ቁጥሩ አለ፣ በቃ። ገጸ ባሕርያቱ አይናገሩም። ማብራሪያ የለም። አንድ ሥዕል፣ አንድ ቀልድ። ከኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ቀለም፣ ቢጫ ወይም ቀይ ወይም ውኃ ሰማያዊ። የታተሙበት ቀለም እኛ ዛሬም ለማተሚያ ቤት የምንልካቸው አራቱ ናቸው፦ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ትንሿ ልጄ እንግሊዝኛ ገና አታነብም፣ ግን ከእኔ ቀድማ ትስቃለች። ከዚያ ሁልጊዜ ያቺኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦ «ከዚያስ? ከዚያ ምን ሆነ?»

የነዚህ ሽፋኖች ጥበብ ያለው እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው። ጎበዙ ሠዓሊ ዳክዬው ሲወድቅ አይስልም። ሊወድቅ ሲል ይስለዋል። ዶናልድ ደረቱን ነፍቶ አንድ ነገር እየሠራ ነው፣ ያምርበታል፣ ኩራቱ ከፊቱ ይነበባል። ከኋላው ሦስቱ የእህቱ ልጆች ቆመዋል፣ እነሱ የሚያዩትን እሱ አላየም። ውድቀቱን የምንጨርሰው እኛ ነን፣ በሐሳባችን። ወድቆ ቢሳል ኖሮ «አይ ምስኪን» ብለን እናልፍ ነበር። እንደ እኔ ግምት የልጁን እጅ ኪሱ ያስገባው የነበረው ይህ ያልተፈጸመ ነገር ነው።

መጽሔቱን ገዝቶ ሲከፍተው ደግሞ ያ ቀልድ ውስጥ የለም! ውስጥ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። የሽፋኑ ቀልድ እዚያው ጀምሮ እዚያው ያልቃል። ዛሬ እንዲህ ባደርግ ደንበኛዬ ገንዘቤን መልሺ ይለኛል። እነሱ ግን ይህንን ለዓመታት አደረጉት፣ ልጆቹም የተከፉ አይመስለኝም፤ በ10 ሳንቲማቸው ላይ አንድ ቀልድ ምርቃት ተጨመረላቸው።

ምርቃት ካልኩ፣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። የልጆች ተረት መጽሐፍ ሽፋን ሊያሠራ መጣ። ጅቡም ይኑር፣ አህያዋም ትኑር፣ ጦጣዋም፣ አንበሳውም፣ ፀሐይም ትውጣ፣ ከላይ የደራሲው ፎቶ ከነክራቫቱ፣ ከታች የሦስት ሰው አስተያየት። «እሺ ጋሼ፣ ጅቡ ምን እያደረገ ነው?» አልኩት። «ምን ያደርጋል? ይኖራል!» አለኝ። አንድ አህያ እፊቷ ያለውን ሣር እየጋጠች ከጀርባዋ ሣሩ ውስጥ ሁለት ጆሮ ብቻ ብቅ ያለበት ንድፍ ነበረኝ። አላየውም ማለት ይቻላል። ክራቫቱ ታተመ።

ወደ ዳክዬዎቹ ልመለስ። እዚህ ሰፈር ንጉሡ ካርል ባርክስ ነው፣ 1901 ኦሪገን የተወለደው። ከ1935 እስከ 1942 ዲዝኒ ስቱዲዮ ሠርቶ ወጣ፣ ካሊፎርኒያ ገጠር ገብቶ ዶሮ ላርባ አለ። ዓለም የሚያውቀው የዳክዬ ሠዓሊ ዶሮ አርቢ ሊሆን ነበር! ግን ዳክዬው አልለቀቀውም። ያን ባለጸጋና ቋጣሪ አጎት፣ ስክሩጅን፣ በ1947 መጨረሻ ፈጠረው። ሁሉም ነገር በዋልት ዲዝኒ ስም ስለሚወጣ አንባቢዎቹ ስሙን አያውቁም ነበር፤ «ጥሩው የዳክዬ ሠዓሊ» ብቻ ይሉት ነበር። አድናቂዎች ማንነቱን አጣርተው ደብዳቤ የጻፉለት በ1960 አካባቢ ነው። በታሪክ አጻጻፍ የሚደርስበት የለም። የስክሩጅ ሽፋኖቹም ቢሆኑ ከአንዲት ነገር፣ ከገንዘብ ፍቅር፣ ያን ሁሉ ቀልድ መጭመቃቸው ቀላል ሥራ አይደለም።

ለሽፋን ግን እኔ የዋልት ኬሊ ነኝ። የባርክስ አድናቂዎች ይቆጡ። ኬሊም ከዲዝኒ ስቱዲዮ የወጣ ነው፣ በ1941፤ በኋላ ፖጎ በሚባለው የጋዜጣ ካርቱኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት ግን በ1940ዎቹ የዚያን ባለ 10 ሳንቲም መጽሔት ሽፋን በብዛት የሳለው እሱ ነው። የባርክስ መስመር የብዕር ነው፣ ቀጭንና ጥንቁቅ። ኬሊ በብሩሽ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ዳክዬው የሚዳሰስ ይመስላል። ከሩቅ ደግሞ ይታያል። ሽፋን ከሩቅ ካልታየ ምን ዋጋ አለው? ስክሪኔን ወደ ጥፍር መጠን አሳንሼ ሞክሬዋለሁ፣ የኬሊ ቀልድ ያኔም ይነበባል። የእኔን ሥራዎች በዚያ መጠን ሳያቸው ክራቫት ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሁሉም እንዲህ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንስሳ ያልሳለ አሳታሚ አልነበረም ማለት ይቀላል። በ1942 «ኩ ኩ ኮሚክስ» የሚባለው መጽሔት ጀግናውን አይጥ ሱፐርማውስን አወጣ፣ ፎሴት የሚባለው አሳታሚ ደግሞ የጀግናውን የካፒቴን ማርቭልን ጥንቸል፣ ሆፒን። በ1943 «ጊግል» እና «ሃ ሃ» የሚባሉ መጡ፤ እነሱን ከሚሥሉት ብዙዎቹ ቀን የፊልም ካርቱን ስቱዲዮ ውለው ማታ ተጨማሪ ሳንቲም የሚለቅሙ ሠዓሊዎች ነበሩ። የእጅ ሥራቸው ግሩም ነው። ግን ድካሙ አንዳንዴ ይታያል፤ ገጸ ባሕርያቱ ጥርሳቸውን ገልፍጠው እርስ በርስ ይሳሳቃሉ። ሽፋኑ ላይ ያሉት ራሳቸው ከሳቁ እኔ አልስቅም። ዶናልድ የሚያስቀኝ ተናዶ ስለሆነ ነው።

ሰሞኑን የያዘኝ «ዘ ፎክስ ኤንድ ዘ ክሮው» (ቀበሮውና ቁራው) ነው፣ ዲሲ የሚባለው አሳታሚ ያወጣው፣ በ1951 የራሱን መጽሔት ያገኘው። ቀበሮው ፎንትለሮይ ጨዋና የዋህ፣ ቁራው ክሮፈርድ ባርኔጣውን የደፋ አራዳ። ከፊልም ካርቱን ነው የመጡት። እኛ ተረት ላይ ብልጧ ቀበሮ ናት፣ ቁራው አፉ ውስጥ ያለውን ምግብ ተሸውዶ ይጥላል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁራው ቀበሮውን እየሸወደ ምግቡንም ገንዘቡንም ይወስድበታል። ቀበሮው እንደተበላ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሽፋኖቹ ላይ ደግሞ ገና አልባነነም። ልጄ «ንገሪው!» ትለኛለች።

ተከታታዩ 108ኛው ቁጥር ድረስ ሄደ። ወደ መጨረሻው ግን ስታንሊ የሚባል ትንሽ ልጅና ጭራቅ ጓደኛው በተጨማሪ ታሪክነት ገብተው ነበር። በ1968፣ ከ109ኛው ጀምሮ፣ የመጽሔቱ ስም ራሱ ወደ ስታንሊና ጭራቁ ተቀየረ። ቁራው ያን ሁሉ ዓመት ቀበሮ ሲሸውድ ኖሮ ቤቱን በሕፃን ልጅ ተነጠቀ።