ግድቡ ላይ ቆሜ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቤት መግባት አስጠላኝ። ምንም አልተፈጠረም። እንዲያው ደብሮኝ ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚያመጣውን ድብርት ታውቁታላችሁ፣ ስንቴ ጽፌዋለሁ። መኪናዬን እዚህ ዋሽንግተን መሀል ያለው ጫካ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ አቁሜ ወንዙን ይዤ በእግሬ ወረድኩ።

ፒርስ ሚል፣ አሮጌው ወፍጮ ጋ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አጎንብሰው ውኃ ውኃውን ያያሉ። ሄሪንግ እየጠበቁ ነው። ወቅቱ ነው። ይሄ ዓሣ ዕድሜውን የሚያሳልፈው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን ለመጣል ግን የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ አልፎ፣ የፖቶማክን ወንዝ ሽቅብ ይዞ፣ እዚህ መሀል ዋሽንግተን ድረስ ይመጣል። እኛ በድልድዩ ላይ እየተነዳን ለሥራ ስንጣደፍ እሱ ከበታችን ያልፋል።

እዚህ ግን ግድብ አለ። የተሠራው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ወፍጮው መፍጨት ካቆመ ቆይቷል። ታዲያ ለምን ተሠራ? ለውበት! ፏፏቴ እንዲመስል፣ ለተመልካች እንዲያምር። በዚያች ፏፏቴ ምክንያት ዓሣው ለመቶ ዓመት ያህል ከዚህ በላይ መውጣት አልቻለም። ከጎኑ ማለፊያ ቦይ የተሠራለት በ2006 ነው።

ይሄ ነገር አልለቀኝም። ማንም ሊጎዳው አስቦ አልነበረም። አንድ ሰው ቆሞ «እዚህ ጋ ውኃ ቢወርድ ያምራል» አለ፣ በቃ።

ፓርኩ በሕግ የተከለለው በ1890 ነው፤ ስፋቱ ሰባት መቶ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ዙሪያውን ከተማ ነው። ውስጡ ግን ቀበሮ አለ፣ ቢቨር አለ፣ ጉጉት አለ፣ ሌሊት ከዛፍ ዛፍ የምትንሳፈፍ ሽኮኮ አለች። በ2004 ደግሞ ማንም ሳያመጣው ካዮቲ፣ ያ ተኩላ የሚመስለው አውሬ፣ በራሱ ጊዜ መጥቶ ገባ። አጋዘኑማ ከመብዛቱ የተነሳ ቡቃያውን ሁሉ እየበላ ዛፍ እንዳይተካ ስላደረገ፣ ከ2013 ጀምሮ በሌሊት ተኳሾች ቁጥሩን ይቀንሱታል፤ ሥጋው ለተቸገሩ ይሰጣል። ይሄን ስሰማ ከፍቶኝ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም፣ ግን የሚበላውን አዳኝ ካጠፋነው በኋላ ሌላ ምን ይደረጋል?

ከሁሉም የምወደው ግን ማንም የማያየውን ነው። ዓይን የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ሽሪምፕ የሚመስል ፍጥረት ነው። ከመሬት በታች ባለ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ብቅ የሚለው ምንጭ በሚያዣበት፣ የበሰበሰ ቅጠል በተከመረበት ቦታ ነው። መጀመሪያ የተገኘው የት መሰላችሁ? እዚሁ፣ በብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ ካለች ምንጭ! ሕዝቡ አንበሳና ዝሆን ለማየት ይጎርፋል፣ እሱ ከእግራቸው ሥር ነው። ከ1982 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቦ በሕግ ይጠበቃል። እንዲኖር የሚፈልገው ጥቂት ነው፦ ውኃው እንዳይመረዝ፣ ቅጠሉ እንዳይጠረግ። የወደቀው ግንድ እንደወደቀ ይተው፣ ጥሻው ጥሻ ይሁን። እኛ ቆሻሻ የምንለው ነገር ለእሱ ቤቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ቀበና የሄደው።

አዲስ አበባም እኮ ባለጸጋ ናት። ጠዋት በጣሪያ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለም። አናቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ፣ ቄራ አካባቢ የማይጠፋው፣ እሱም መኖሪያው የእኛው አካባቢ ነው። ፈረንጅ ካሜራውን አንጠልጥሎ ባሕር አቋርጦ የሚመጣባቸውን ወፎች እኛ «አቦ እንተኛበት!» እያልን ነው ያደግነው። ጅቡም ማታ ማታ በወንዙ ሸለቆ ይወርዳል፣ የጣልነውን ለቅሞ ሳይነጋ ይመለሳል።

ባለፈው እሁድ እማዬ ስትደውል የወንዙ ዳር ተሠርቶ ማማሩን ነገረችኝ። ድንጋይ ተነጥፏል፣ መብራት በመብራት ሆኗል፣ ልጆች እስከ ማታ ይጫወታሉ። ደስ ብሎኛል፤ የወንዙን ሽታ የማውቀው እኔ ነኝ፣ የልጆቹን መጫወቻ ማጣትም አውቀዋለሁ። ቀጥላ «ጅቡም ጠፋ፣ ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ» አለችኝ። ደስ ብሏት ይሁን ቅር ብሏት ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ጅብ ስትፈራ ነው የማውቃት፣ ልጅ ሆነን ከመሸ ከበር አታስወጣንም ነበር። እኔም እዚያው ብኖርና ልጄ በዚያ መንገድ ከትምህርት ቤት ብትመለስ፣ ጅቡ ይቅር እል ይሆናል።

ግን ወዴት ሄደ? ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ይሆን፣ ወይስ መብራቱ በማይደርስበት በሌላ በኩል መንገድ አግኝቷል? እሁድ ስትደውል እጠይቃታለሁ፦ ውሾቹስ፣ ሌሊት አሁንም ይጮኻሉ ወይ?